ከሐርቡ ወደ አፋር ቈላ፦ የአደን ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

በመኝታ ቤታችን ማታ ማታ የሚነሣው ወሬ ብዙ ዐይነት ነው። ስለ ፈተና፣ ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ምግብ ቤቱ ወጥ ይወራል። ባለፈው ወር ግን ከወሎ የመጣን አራት ጓደኛሞች ከዚህ ሁሉ የተለየ አሳብ አነሣን። ይኸውም በሚመጣው ዕረፍት ከሐርቡ ተነሥተን፣ በባቲ በኩል ወደ አፋር ቈላ ወርደን፣ ያለ አስጐብኚና ያለ ድርጅት፣ በራሳችን አቅድና በራሳችን ስንቅ አንድ ትልቅ አውሬ አድነን እንመለስ የሚል ነበር። አንደኛው ጓደኛችን የአያቱ ጠመንጃ እንዳለ ነገረን፤ ሌላው ፉከራውን ከወዲሁ ማጥናት ጀመረ። ቤተ ሰቦቼ የሐርቡ ሰዎች ስለ ሆኑ አቅዱን የማዘጋጀቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠ።

አቅዱን በሦስት ሳምንት ጽፌ ጨረስሁ። በጻፍሁት መጠን ግን አሳቤ እየተለወጠ ሄደ። ምክንያቱን ለጓደኞቼ ብቻ ከምነግራቸው ለመጽሔታችን አንባቢዎች ሁሉ ባቀርበው ይጠቅማል ብዬ ስለ አመንሁ እነሆ አቅርቤዋለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

1ኛ/ አገሩን ማወቅ

ማንኛውም የአደን አቅድ የሚጀምረው ከጠመንጃ ሳይሆን ከምድሩ ነው። ሐርቡ ከኮምቦልቻ በስተ ደቡብ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ በቦርከና ሸለቆ ውስጥ የምትገኝ የቃሉ ከተማ ናት። ቦርከና ከደሴ አካባቢ ተራሮች ተነሥቶ በኮምቦልቻና በሐርቡ በኩል ወደ ከሚሴ ይወርዳል፤ በዚያም ሰፊውን የጨፋን ረግረግ ያጠጣል። ከዚያም ወደ ምሥራቅ ዞሮ ከአዋሽ ጋር ይገናኛል። አዋሽ ደግሞ እንደ ሌሎች ታላላቅ ወንዞች ባሕር አይደርስም፤ በአፋር ምድር መጨረሻ በአቤ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል። እንግዲህ በልጅነታችን በሐርቡ የዋኘንበት ውኃ መንገዱ ወደዚያው ወደ ልናድንበት በረሃ ነው ማለት ነው።

ከፍታውም መታሰብ አለበት። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ሐርቡ 1,500 ሜትር ገደማ ናቸው። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ባቲን አልፎ ሚሌ የደረሰ ሰው ግን 500 ሜትር ገደማ ወደ ሆነ ቈላ ወርዶአል። በመኪና ግማሽ ቀን በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ከብርድ ልብስ አገር ወደ ጥላ አገር ይገባል። በደጋ ያደገ ሰው እዚያ ሲደርስ ሰውነቱ ሙቀቱን እስኪለምድ ብዙ ቀን ይፈልጋል፤ የእኛ አቅድ ግን ለዚህ አንድ ቀን እንኳ አልተወም ነበር።

በዚያ ቈላ ከሚገኙት አውሬዎች ውስጥ ሳላ፣ የሜዳ ፍየል፣ ሰጎን፣ ከርከሮና የዱር አህያ ይጠቀሳሉ። የዱር አህያ ስንል ዥንጕርጕሩን የሜዳ አህያ ማለታችን አይደለም። ይህኛው ግራጫ ሆኖ እግሩ ላይ ብቻ ጥቋቁር መሥመር ያለበት፣ ለቤት አህያ የቅርብ ዘመድ የሆነ አውሬ ነው። በዓለም ላይ በዱር የቀረው በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ ሲሆን፣ ቍጥሩም ከጥቂት መቶዎች አያልፍም። ወደዚህ ነገር በኋላ እመለሳለሁ።

2ኛ/ የውኃ ሒሳብ

አያቴ በወጣትነታቸው ከሐርቡ ወደ ቈላ እየወረዱ ያደኑ ሰው ናቸው። ስንት ጥይት እንደሚያስፈልገን በጠየቅኋቸው ጊዜ ሥቀው፣ «ልጄ፣ ውኃውን ያልቈጠረ ጥይቱን አይቍጠር» አሉኝ። እኔም ቈጠርሁ።

አራት ጓደኛሞችና አንድ ግመል ነጂ፣ በጠቅላላው አምስት ሰው እንሁን። ውኃ መኖሩ እርግጠኛ ካልሆነበት ስፍራ ለመሄድና ለመመለስ አምስት ቀን ይፍጅ። በዚያ ሙቀት ለሚጓዝ ሰው ለመጠጥ በቀን 6 ሊትር፣ ለማብሰያ 1 ሊትር ብንይዝ፣ 5 ሰው በ5 ቀን በ7 ሊትር ሲባዛ 175 ሊትር ይሆናል። ለአደጋ የሚሆን አንድ አምስተኛ፣ ማለት 35 ሊትር ሲጨመርበት 210 ሊትር ነው። ይህም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢሆን 11 ጀሪካን ይፈልጋል። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለ ሆነ ውኃው ብቻ 210 ኪሎ፣ ጀሪካኖቹ 11 ኪሎ ያህል ይመዝናሉ። ለአንድ ሰው በቀን አንድ ኪሎ እህል ቢያዝ 25 ኪሎ ስንቅ፤ መኝታ፣ ድስት፣ መድኃኒትና ገመድ 60 ኪሎ ይሁን። ጠቅላላው 306 ኪሎ ነው። አንድ ግመል ከ150 እስከ 200 ኪሎ ስለሚጭን ሁለት ግመል ይበቃል። በአህያ ግን አይሞከርም፤ አህያ የሚጭነው ጥቂት ሆኖ ሳለ የጫነውን ውኃ ራሱ ይጠጣዋልና።

ልብ በሉ፤ በዚህ ሒሳብ ውስጥ እስካሁን አንድ ጥይት አልገባም። ከአምስቱ ቀን አንዱ ቢጨምር፣ አንድ ጀሪካን ቢቀደድ፣ አንድ ግመል ቢያነክስ ሒሳቡ ይፈርሳል። ይህን ለአያቴ ባነበብሁላቸው ጊዜ ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና፣ «እኛ አራት ሆነን ወርደን ሦስት ሆነን ተመለስን» አሉኝ። ጓዳቸውን የገደለው አውሬ አልነበረም፤ ጥም ነው። እኔ ስለ ሳላው ቀንድ ሲያወሩ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። ስለ ቀረው ሰው ግን ይህን ጥያቄ እስክጠይቃቸው ድረስ አንድም ቀን አውርተውልኝ አያውቁም።

3ኛ/ ከወደቀ በኋላ

አደን የማያውቅ ሰው ሥራው አውሬው ሲወድቅ የሚያልቅ ይመስለዋል። ዋናው ሥራ የሚጀምረው ግን ከዚያ በኋላ ነው። የጐለመሰ ሳላ እስከ 200 ኪሎ ይመዝናል፤ የሚበላው ሥጋ ከግማሹ ያነሰ ቢሆንም 80 ኪሎ ያህል ነው። በ40 ዲግሪ ሙቀት ይህ ሥጋ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይበላሻል። ስለዚህ ወዲያው በቀጫጭኑ ተዘልዝሎ፣ በጨው ታሽቶ፣ በጥላ ተሰቅሎ ቋንጣ መሆን አለበት። የሚጫነውም የተጠጣው ውኃ በለቀቀው ስፍራ ነው። ውኃው ሳይጠጣ ሥጋ የሚጭን ግመል የለም።

ሌላም ነገር አለ። ከአራታችን ሁለታችን ሙስሊም፣ ሁለታችን ክርስቲያን ነን፤ ግመል ነጂው አፋርም ሙስሊም ነው። አውሬው ቢወድቅ ማን ያርደዋል? በወሎ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሃይማኖት ተከባብሮ ስለሚኖር ይህን ጥያቄ ለሰርግና ለለቅሶ እንዴት እንደምንፈታው እናውቃለን፤ ሁለት ድስት ይጣዳል። በበረሃ ግን አንድ አውሬ ለሁለት አይታረድም። ከመነሣታችን በፊት ካልተስማማንበት ግማሻችን የማንበላውን ሥጋ ለማምጣት ነፍሳችንን አሳልፈን እንሰጣለን ማለት ነው።

በዚህ ረገድ ከሩቅ ሰሜን አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በአላስካ ብዙ አዳኞች ያለ መሪ፣ በራሳቸው አቅድ ወደ ዱር ይገባሉ። አንዲት ትንሽ አውሮፕላን በሐይቅ ወይም በወንዝ ዳር አሸዋ ላይ ታወርዳቸውና በቀጠሮ ቀን ተመልሳ ትወስዳቸዋለች። እንግዲህ «በራስ የሚታቀድ አደን» ማለት ይህ ነው የምንል እንኖራለን። ነገር ግን ያ አገርም ቢሆን ሥርዐቱ ጥብቅ ነው። ከሌላ የአሜሪካ ክፍል የመጣ ሰው ቡናማ ድብን፣ የተራራ በግን ወይም የተራራ ፍየልን ለማደን ፈቃድ ያለው መሪ ወይም በዚያው የሚኖር የቅርብ ዘመድ ያስፈልገዋል፤ የውጭ አገር ዜጋ ከሆነማ ለማናቸውም ትልቅ አውሬ መሪ ግዴታ ነው። የሚበላውን ሥጋ ጥሎ መሄድ በሕግ ያስቀጣል። ቀንዱም ከሥጋው ቀድሞ ከወደቀበት ስፍራ እንዳይወጣ ተከልክሎአል። ሙስ የሚባለው ታላቁ አጋዘን 200 ኪሎ የሚያልፍ ሥጋ ስለሚሰጥ፣ ይህን ሁሉ በጀርባው ተሸክሞ ለማውጣት ያልቈረጠ ሰው መተኰስ የለበትም ማለት ነው። የእኛ ፉከራ የሚጀምረው ከቀንዱ ሲሆን የእነርሱ ሕግ የሚጀምረው ከሸክሙ ነው።

4ኛ/ የአገሩ ሰው

ከውኃም ከጥይትም የሚበልጠው የአገሩ ሰው ነው። ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን አንድ እንደ እኛ ያለ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ። ዊልፍሬድ ቴሲጀር አባቱ የእንግሊዝ መልእክተኛ በነበሩበት ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ የተወለደ ሰው ነው። በኦክስፎርድ ገና በመማር ላይ ሳለ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በተፈጸመው የዐፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ላይ ተጋበዘና፣ ከበዓሉ በኋላ ወደ አዋሽ በረሃ ወርዶ አንድ ወር ያህል አደነ። በዚያ ጊዜ አዋሽ ወዴት ሄዶ እንደሚያልቅ ለማየት ቈረጠ። ትምህርቱን ፈጽሞ በ1926 ዓ.ም. ግመልና ሰው አደራጅቶ ተመለሰ።

እንደ አደን አቅድ ብናየው የጐደለው ነገር አልነበረም። ጠመንጃ፣ ግመል፣ ጠባቂ፣ ስንቅ፣ ከሳይንስ ማኅበራት የተገኘ ርዳታ ነበረው። ሆኖም ባዱ ከተባለው የአፋር አገር በደረሰ ጊዜ በአካባቢው ግጭት ስለ ነበረ መንግሥት እንዲመለስ አዘዘው። ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ እንደ ገና ፈቃድ ለመነ። መንገዱ የተከፈተለት ታስሮ የነበረ አንድ የባዱ አፋር ባላባት ተፈትቶ አብሮት በወረደ ጊዜ ነው። በኋላም ከአውሳው ሡልጣን ከመሐመድ ያዮ ጋር በሌሊት በጫካ መካከል ተገናኝቶ ምድራቸውን ለማቋረጥ ፈቃድ አገኘ። አቤ ሐይቅን አይቶ፣ የሚበዙት ግመሎቹ በመንገድ ላይ አልቀውበት፣ ግንቦት 12 ቀን 1926 ዓ.ም. ታጁራ ገባ። ከእርሱ በፊት በ1868 ዓ.ም. ሙንዚንገር የግብጽን ጦር ይዞ ወደ አውሳ በገባ ጊዜ ከነሠራዊቱ እንደ ተደመሰሰ ስናስብ፣ ልዩነቱ የጠመንጃ ብዛት እንዳልሆነ እንረዳለን። ሙንዚንገር ብዙ ጠመንጃ ነበረው፤ ፈቃድ ግን አልነበረውም።

ከወሎም ምሳሌ አለን። የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ልጅ ኢያሱ በጥቅምት 1909 ዓ.ም. የሰገሌ ጦርነት ከተሸነፈ በኋላ እስከ 1913 ዓ.ም. ሳይያዙ ለመቈየት የቻሉት ከአፋር ወዳጆቻቸው ዘንድ መጠጊያ ስለ ነበራቸው ጭምር ነው። በረሃው አንድ ነው፤ ለአንዱ መቃብር፣ ለአንዱ መሸሸጊያ ያደረገው ሰው ነው።

ይህን ወዳጅነት ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በበጋ ወራት አፋሮች ከብታቸውን እየነዱ ወደ ጨፋ ግጦሽ ይወጣሉ፤ ከኦሮሞውም፣ ከአርጎባውም፣ ከአማራውም ጋር ሣርና ውኃ ይካፈላሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ይጣሉበታል። በባቲ የሰኞ ገበያ ደግሞ ደገኛውና ቈለኛው ይገናኛሉ፤ ግመል የሚገዛውም መሪ የሚገኘውም እዚያ ነው። አፋሮች ዳጉ የሚሉት የወሬ ሥርዐት አላቸው። ሁለት መንገደኞች በተገናኙ ጊዜ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን፣ ዝናብ የት እንደ ጣለ፣ ውኃ የት እንደ ደረቀ፣ ማን ከማን እንደ ተጣላ፣ ምን ዐይነት እንግዳ ወደ አገሩ እንደ ገባ ሳያጓድሉ ይነጋገራሉ። ሐሰት የተናገረ ሰው በሁሉ ዘንድ ክብሩን ያጣል። በዚህም ምክንያት አራት ተማሪዎች ጠመንጃ ይዘው ከባቲ በታች መታየታቸው እኛ ሳንደርስ ወሬው ይቀድመናል።

ወሬውስ ምን ይላል? ይህን አሳንሰን ማየት የለብንም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ይዞ አልፎአል፤ የአፋርንም ምድር አድርሶታል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል ውስጥ ሌላ የተኩስ ግጭት ተነሣ። እንዲህ ባለ ዘመን ጠመንጃ አንግቶ በቈላ የሚሄድ ጐልማሳ «ተማሪ ነኝ፤ ለአደን ነው የመጣሁ» ቢል ማን ያምነዋል? አፋሩ ባያምነን አይፈረድበትም፤ ወታደሩም ባያምነን እንዲሁ።

5ኛ/ ሕጉ

ሕጉን መጨረሻ ላይ ማምጣቴ ታናሽ ስለ ሆነ አይደለም። እንዲያውም አቅዱን የዘጋው እርሱ ነው። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። በአገራችን ለታላላቅ አውሬዎች የተፈቀደው አደን በተከለሉ የአደን ቀበሌዎች ብቻ፣ በየዓመቱ በተወሰነ ቍጥር፣ ፈቃድ ካለው ባለ ሙያ አዳኝ ጋር የሚፈጸምና ከፍ ያለ ገንዘብ የሚከፈልበት ነው። የደጋ አጋዘንን ፍለጋ ወደ አርሲና ወደ ባሌ የሚመጡት የውጭ አገር አዳኞችም በዚሁ መንገድ ያልፋሉ። ጠመንጃውም ቢሆን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 በሚያዘው መሠረት በስሙ ፈቃድ በሌለው ሰው እጅ ሊገኝ አይችልም። የአያት ጠመንጃ የአያት ነው፤ ፈቃዱ ከጠመንጃው ጋር አይወረስም።

ሕጉ ባይኖርስ? ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ያን ጊዜም የዱር አህያውን ማሰብ ይገባናል። ያንጉዲ ራሳ ብሔራዊ ፓርክ ከሁሉ አስቀድሞ የታሰበው ለእርሱ መጠጊያ እንዲሆን ነው። ከጥቂት መቶ አንዱን መግደል፣ ከአንድ መንደር አንድ ቤተ ሰብ እንደ ማጥፋት ነው። ሥጋውን እኛ አንበላውም። የሚቀረው ፉከራ ብቻ ነው።

ስለ ፉከራም አንድ ቃል ልናገር። አባቶቻችን ዝኆንና አንበሳ ለገደለ ሰው ክብር ይሰጡ የነበረው በዘመናቸው አውሬው ብዙ፣ ሰው ጥቂት፣ መሣሪያውም ደካማ ስለ ነበረ ነው። ገዳዩ ነፍሱን ለአደጋ አጋልጦ ነበር። ዛሬ ግን ነገሩ ተገላብጦአል። ጠመንጃው ከሩቅ ይገድላል፤ አውሬው ጥቂት ነው። ያንኑ ፉከራ ዛሬ መድገም አባቶችን መምሰል አይደለም።

6ኛ/ የታረመው አቅድ

ከዚህ በላይ በተገለጹት ምክንያቶች አቅዱን ቀድጄ አልጣልሁትም፤ አረምሁት። ውኃው፣ ስንቁ፣ ግመሉ፣ መሪውና ዳጉው እንዳሉ ናቸው። የተወሰደው ጠመንጃው ብቻ ነው። የታረመው አቅድ በአጭሩ እንዲህ ነው፦

(ሀ) የአካባቢው ጸጥታ አስተማማኝ መሆኑን ከሁለቱም ክልሎች መሥሪያ ቤቶች ካላረጋገጥን አንነሣም። ዕረፍቱ ቢያልፍ ለሌላ ዕረፍት ይቈያል።

(ለ) ወደ ያንጉዲ ራሳ ለመግባት ከዱር እንስሳት ባለሥልጣን የጽሑፍ ፈቃድ እንጠይቃለን፤ በፓርኩ ውስጥም ከስካውት ጋር እንጂ ብቻችንን አንሄድም።

(ሐ) መሪ የምንይዘው በባቲ ገበያ ሆኖ፣ የቀን ሒሳቡ በሽማግሌ ፊት ይቈረጣል። የሚሄድበትን መንገድና የሚያድርበትን ስፍራ የሚወስነው እርሱ ነው።

(መ) እያንዳንዳችን የሩቅ መነጽርና ደብተር እንይዛለን። ያየነውን አውሬ ዐይነት፣ ቍጥር፣ ሰዓትና ስፍራ እንጽፋለን፤ ያልታየውንም «አልታየም» ብለን እንጽፋለን። አንዱ ቅጂ ለፓርኩ፣ አንዱ ለዩኒቨርሲቲያችን የባዮሎጂ ክፍል ይሰጣል።

(ሠ) ውኃው ግማሽ ሲደርስ ምንም ነገር ባናይ እንኳ እንመለሳለን። ይህን የሚወስነው ድምፅ መስጠት አይደለም፤ ጀሪካኑ ነው።

ከቴሲጀር ጉዞም ቢሆን ዛሬ የሚጠቅመን የገደላቸው አውሬዎች ቍጥር አይደለም። የወንዙን መንገድ ማየቱ፣ የሕዝቡን ኑሮ መጻፉ፣ ለቤተ መዘክር የሰበሰባቸው ወፎች ናቸው። ዛሬ እኛ ወፉን እንኳ መግደል ሳያስፈልገን ያንኑ ዕውቀት ማምጣት እንችላለን።

አቅዱን ለአያቴ በስልክ አነበብሁላቸው። ጠመንጃ የሌለበት መሆኑን በሰሙ ጊዜ፣ «ታዲያ ስትመለሱ በምን ትፎክራላችሁ?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አላገኘሁም። ጥቂት ቈይተው ራሳቸው፣ «አራት ወርደን አራት ተመለስን በሉ፤ እኔ ይህን ለማለት አልታደልሁም» አሉኝ።

ከአራታችን ሦስቱ በታረመው አቅድ ተስማምተናል። የአያቱ ጠመንጃ ያለው ጓደኛችን ግን እስካሁን አልተስማማም፤ እኔ የጻፍሁት የፍርሃት አቅድ ነው ይላል። ምክንያቱን ለሚቀጥለው እትም ቢጽፍ ሁላችንም በደስታ እናነበዋለን። እስከዚያው ግን ቢያንስ የውኃውን ሒሳብ እርሱም ይሥራው።